ስልኬን ይዤ ድምፅ መስጠት እችላለሁ? በአሜሪካ የምርጫ ጣቢያዎች ስለ ስልክ፣ ካሜራና ስማርት ሰዓት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ውስጥ በምርጫ ቀን ጣቢያ ላይ እሠራለሁ። አገር ቤት «የምርጫ አስፈጻሚ» የምንለውን እዚህ «የምርጫ ዳኛ» ይሉታል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ሐበሻ ብዙ ስለሆነ፣ ሰልፍ ላይ አማርኛ ሲሰሙ ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አይጠፉም። ከሚጠይቁኝ ግማሹ ስለ ስልክ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ስማቸው መዝገብ ላይ ተገኘ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀታቸውን ተቀበሉ፣ ወደ መጻፊያው ሄዱ። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው ጋ ደወሉ። የስልኩ ስፒከር ተከፍቷል። «እሺ፣ ይሄ የመጀመሪያው ላይ ማንን ልበል?» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። አንድ ባልደረባዬ ስልኩን እንዲያጠፉ በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ክፉ ቃል አልወጣውም። እሳቸው ግን የገባቸው «ውጪ» የተባሉ ነው። ከመዝገቡ ጠረጴዛ ተነስቼ እስክደርስ ወረቀቱን ትተው በሩ ጋ ደርሰዋል። «እማማ!» ብዬ ስጠራቸው ነው የቆሙት።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት ባይኖር ኖሮ ድምፃቸው ቀርቶ ነበር። ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስልኬን ይዤ ወደ ምርጫ ጣቢያ መግባት እችላለሁ?

ኪስዎ ወይም ቦርሳዎ ውስጥ እስካለ ድረስ ችግር የለም። በር ላይ ፈትሾ የሚቀማዎት ሰው የለም። ሕጉ የሚመለከተው መያዙን ሳይሆን መጠቀሙን ነው፤ እሱም ከስቴት ስቴት ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ምርጫን በዋናነት የሚያስተዳድሩት ስቴቶች ስለሆኑ፣ ቴክሳስ፣ ዳላስ ያለ ዘመድዎ የነገረዎት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ሜሪላንድ ጥብቅ ከሚባሉት ናት። በምርጫ ቀንም ሆነ ቀደም ብሎ ድምፅ በሚሰጥባቸው ማዕከሎች ውስጥ ስልክ፣ ካሜራና ኮምፒውተር መጠቀም አይፈቀድም። ሲጠቀሙ ከታዩ እንዲያጠፉ ወይም እንዲወጡ ይጠየቃሉ። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ነገሩ ይላላል፤ ሌላውን እስካልረበሹ ድረስ ስልክ መያዝም ማየትም ይቻላል። ቴክሳስ ውስጥ ድምፅ በሚሰጥበት ክፍል ስልክ መጠቀም ክልክል ነው፤ በተጨማሪም ከድምፅ መስጫው በ100 ጫማ ርቀት ውስጥ ምስልም ሆነ ድምፅ መቅዳት አይቻልም። ቴነሲ መካከለኛውን መንገድ መርጣለች፦ ለመወሰን የሚረዳዎትን መረጃ ስልክዎ ላይ ማየት ይችላሉ፤ ድምፁ መጥፋት አለበት፣ መደወልና ፎቶ ማንሳት ግን አይፈቀድም።

ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ አንድ ነገር ነው የምለው፦ የትም ስቴት ይሁኑ፣ ከመግባትዎ በፊት አጥፍተው ኪስ ውስጥ ይክተቱት፤ የሚያስፈልግዎትን ደግሞ በወረቀት ይያዙ።

የምመርጣቸውን ሰዎች ስም ስልኬ ላይ ጽፌ ነው የምመጣው። እሱን አይቼ ብሞላስ?

እርስዎ ማስታወሻ እያነበቡ ይሁን ቴክስት እየላኩ፣ ከሩቅ ቆሞ ለሚያይዎት ዳኛ አይለይም። ሜሪላንድ ውስጥ ስልኩን እንዲያስቀምጡ ይነገርዎታል። የታተመ ወይም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ግን ለራስዎ መጠቀሚያ ይዘው መግባት በግልጽ ተፈቅዷል። ስልክ ለማይፈቀድላቸው የቴክሳስ መራጮችም በወረቀት የተጻፈ ማስታወሻ ይፈቀዳል። ሲወጡ ይዘውት ይውጡ፤ ጠረጴዛው ላይ የተረሳ ዝርዝር ለቀጣዩ መራጭ የቅስቀሳ ወረቀት ሆኖ ይቆጠራል፣ እኛም እየዞርን የምንሰበስበው ለዚህ ነው።

ስለ ወረቀቱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከምርጫው በፊት የናሙና ድምፅ መስጫ በፖስታ ይደርስዎታል። ብዙ ቤት ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ ይጣላል። አይጣሉት። ጣቢያው ላይ የሚሰጥዎት ወረቀት በዚያው ቅደም ተከተል ነው የሚመጣው። ቡና ሲፈላ ልጆቹን ሰብስበው፣ ስልኩንም ትራንስሌተሩንም እንደ ልብዎ እየተጠቀሙ፣ ናሙናው ላይ በእስክርቢቶ ምልክት ያድርጉበትና እሱኑ አጥፈው ይዘው ይምጡ።

በባዶ ወረቀት የሚጽፉ ከሆነ የተወዳዳሪውን ስም መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ልክ ናሙናው ላይ እንዳለው፣ ከጎኑ ደግሞ አነባበቡን በአማርኛ ይጻፉ። አንድ አባት በአማርኛ ብቻ ጽፈው መጥተው፣ ስሙን ከላቲኑ ፊደል ጋር ማመሳሰል አቅቷቸው ሲቸገሩ አይቻለሁ። ከስም ውጪ ያሉትንም አይርሱ። የሜሪላንድ ወረቀት ላይ የፍርድ ቤት ዳኞች በሥልጣናቸው ይቀጥሉ አይቀጥሉ ተብሎ «የስ» ወይም «ኖ» የሚመለስበት ክፍል አለ። ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደሩት ደግሞ ከስማቸው አጠገብ ፓርቲ አይጻፍላቸውም። ከኋላ ገጽ ላይ «ፎር» ወይም «አጌንስት» የሚባልባቸው የሕግ ጥያቄዎች ይኖራሉ። ሰው የሚደናገረውና ስልኩን የሚያወጣው እነዚህ ጋ ሲደርስ ነው። ለእያንዳንዱ መልስዎን ቤትዎ ይጨርሱና ቁጥሩን ጽፈው ይምጡ።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። በስልክ ላስረዳት አልችልም?

በስልክ አይሆንም። በአካል ግን ይሆናል፤ የሚያሳዝነኝ ይህን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ነው።

የ1965ቱ የድምፅ መስጠት መብት ሕግ በ1982 አንድ ክፍል ተጨምሮበታል፣ ክፍል 208። ማየት የተሳነው፣ የአካል ጉዳት ያለበት፣ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠው ሰው ገብቶ እንዲያግዘው ይፈቅዳል። የማይፈቀዱት አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ናቸው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የንስሐ ልጅ፣ የእድር ጓደኛ፣ ማንም ይሁን ይገባል። እንግሊዝኛ ማንበብ አለመቻልም በዚህ ይሸፈናል።

ለዚህ በፍርድ ቤት የተፈተነ ምሳሌ አለ። በ2014 ቴክሳስ ውስጥ ቤንጋሊ የሚናገሩ አንዲት ትውልደ ሕንዳዊት እናት ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ሄዱ። ልጁ ግን በመራጭነት የተመዘገበው አጎራባች ካውንቲ ውስጥ ስለነበር «አስተርጓሚ እዚሁ ካውንቲ የተመዘገበ መሆን አለበት» ተብለው ተከለከሉ። ክርክሩ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2017 ፍርድ ቤቱ የስቴቱ ገደብ ከክፍል 208 ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። እኚያ እናት ለእኛም እናቶች ነው የተከራከሩት።

የእኛ ወላጆች ችግር ደግሞ የራሱ መልክ አለው። አገር ቤት የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የፓርቲ ምልክት ነበረ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ንብ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት የቅንጅት መሆኑን ፊደል ያልቆጠረም ያውቅ ነበር። እዚህ ወረቀቱ ላይ ሥዕል የለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስም ብቻ ነው። አገር ቤት ማንንም ሳይጠይቁ በምልክት ይመርጡ የነበሩ ሰው እዚህ ሲመጡ ስልክ ቢያወጡ አልፈርድባቸውም።

የሚረዳ ሰው ይዘው ካልመጡም መፍትሔ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከተለያየ ፓርቲ የሆኑ ሁለት የምርጫ ዳኞች አብረው ቆመው ያግዛሉ፤ አንዱ የሚለውን ሌላው እንዲሰማ ነው። በሩ ላይ ያቆምኳቸውን እናት የረዳናቸው በዚህ መንገድ ነው። እኔ እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳቸው፣ ባልደረባዬ አጠገቤ ቆሞ ተከታተለ፣ እሳቸው ክቡን በገዛ እጃቸው አጠቆሩ። አንዱ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። መመለስ አልችልም አልኳቸው። የሚረዳ ሰው ያነባል፣ ይተረጉማል፤ ምርጫው ግን የመራጩ ነው። ይህ እናቱን ይዞ ለሚገባ ልጅም ይሠራል። የሚረዳው ሰው ቅጽ ላይ ይፈርማል፤ ቴክሳስ ውስጥ ቃለ መሐላም አለው።

እናትዎ ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያስጠኗቸው፦ «አይ ኒድ ሄልፕ ቱ ሪድ ዘ ባሎት።» እሷን ካሉ በቂ ነው።

ወረቀቱ ለምን በአማርኛ አይመጣም? ቢመጣ ኖሮ ስልክ ማን ያወጣ ነበር?

እውነት ነው። የፌዴራሉ ሕግ ካውንቲዎች ወረቀቱን በሌላ ቋንቋ እንዲያዘጋጁ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ ለእስያ አሜሪካውያን፣ ለነባር አሜሪካውያንና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ብቻ ነው። ብዛታችን ምን ያህል ቢሆን የአፍሪካ ቋንቋዎች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የሚመጣው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የተለየች ናት። በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ስለምታካትት የምርጫ ቦርዷ በአማርኛ የተዘጋጁ ጽሑፎች አሉት። ዲሲ የሚኖሩ ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ይጠይቋቸው።

ጉግል ትራንስሌት ብጠቀምስ?

ቤትዎ ይጠቀሙበት። ጣቢያው ውስጥ ሜሪላንድና ቴክሳስ ስልኩ ራሱ ስለማይፈቀድ አይሆንም። ቤትም ቢሆን የሕግ ጥያቄዎቹን በእሱ ብቻ አይመኑ፤ «ቦንድ» (የመንግሥት ብድር) እና «ቻርተር አሜንድመንት» (የካውንቲው መተዳደሪያ ሕግ ማሻሻያ) የመሳሰሉትን ሲተረጉም ዓረፍተ ነገሩ ተገልብጦ «ይጨመር» የሚለው «ይቀነስ» ሊመስል ይችላል። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አጠገብዎ ይሁን።

የሞላሁትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ብለጥፍስ?

አገሩ በሙሉ የተከራከረበት ጥያቄ ነው፤ መልሱም አንድ አይደለም።

ኒው ሃምፕሻየር በ2014 የተሞላ ወረቀት ፎቶ ማጋራትን በቅጣት ከለከለች። በ2016 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት «ሐሳብን የመግለጽ መብትን ይነካል» ብሎ ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2017 ጉዳዩን ሳይቀበል ቀረ። የኢንዲያናም ክልከላ በ2015 በፍርድ ቤት ወድቋል። ኒው ዮርክ ላይ የተነሳው ክስ ግን ተቃራኒውን ውጤት አመጣ፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ሕጓ በ2017 ጸንቶ ቀረ። ያው አገር፣ ያው ሕገ መንግሥት፣ ሁለት ዓይነት መልስ።

የእኛ ሰው በሚበዛባቸው ቦታዎች ሲታይ፦ ካሊፎርኒያ ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ የራስን ወረቀት ፎቶ ማጋራት ትፈቅዳለች፤ ኮሎራዶም በዚያው ዓመት ሕጓን አሻሽላ ፈቅዳለች። ቨርጂኒያ ውስጥ በ2016 የስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ «የሚከለክል ሕግ የለም» የሚል የሕግ አስተያየት ሰጥተዋል። ጆርጂያ ደግሞ በ2021 ሕጓ የተሞላን ወረቀትና መራጭ ድምፅ እየሰጠበት ያለን የማሽን ስክሪን ፎቶ ማንሳት ከልክላለች፤ አትላንታና ክላርክስተን ያላችሁ ተጠንቀቁ። ሜሪላንድና ቴክሳስ ጣቢያው ውስጥ ካሜራ ስለማይፈቀድ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

በ2016 ዘፋኙ ጀስቲን ቲምበርሌክ ከሎስ አንጀለስ ሜምፊስ ድረስ በሮ ድምፅ ሲሰጥ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ሰው ምርጫ እንዲወጣ ለማበረታታት ነበር ሐሳቡ። ቴነሲ ግን ከዚያ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ጣቢያ ውስጥ ፎቶ ማንሳትን ከልክላ ነበር። አልተከሰሰም፤ ሆኖም የስቴቱ መነጋገሪያ ሆኖ ሰንብቷል። እሱ ያላወቀውን ሕግ ከሥራ ተጣድፎ የሚመጣ ሰው እንዴት ይወቅ? ፎቶ ከፈለጉ ደጅ ይጠብቅዎታል። ሲወጡ በምንሰጥዎት «ድምፄን ሰጥቻለሁ» በሚለው ተለጣፊ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ የፈለጉትን ያህል ይነሱ።

ድምፁ የእኔ ነው። ብናገረው፣ ባሳየው ምን አገባቸው?

መናገር ይችላሉ፤ የሚከለክል የለም። በንግግርና በማስረጃ መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ መንግሥት የሚያትመው የድምፅ መስጫ ወረቀት አልነበረም። ፓርቲዎቹ ራሳቸው እያተሙ ያድሉ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ በቀለም የተለየ ስለነበር ሰውዬው ወደ ሳጥኑ ሲሄድ ማንን እንደመረጠ ከሩቅ ይታያል። ድምፅ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ ሥራ ላይ መዋሉን ቆሞ ያይ ነበር፤ አለቃም ሠራተኛውን ይቆጣጠር ነበር። በ1856 አውስትራሊያ ውስጥ ቪክቶሪያና ሳውዝ አውስትራሊያ መንግሥት የሚያትመውን፣ ተከልሎ የሚሞላውን ወረቀት ጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ በ1888 ለስቴቱ በሙሉ ተቀበለችው፤ ሌሎቹም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ገዢ ቢከፍልም የገዛውን ማረጋገጥ አቃተው።

የኪስ ካሜራ ያን ማረጋገጫ መልሶ አመጣው። ጣሊያን ይህን በደንብ ታውቀዋለች። በ2008 ባወጣችው ድንጋጌ ወደ ድምፅ መስጫው መከለያ ስልክም ሆነ ካሜራ ይዞ መግባትን ከለከለች፤ ቅጣቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር እስራትና ከ300 እስከ 1000 ዩሮ ነው። ማፍያው ድምፅ እየገዛ «ፎቶውን አሳየኝ» ይል ስለነበር ነው። ሮም ወይም ሚላኖ ያላችሁ ዜጎች መከለያው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ስልካችሁን ማስቀመጥ አለባችሁ።

እዚህ ማፍያ የለም ይሉኝ ይሆናል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። «የመረጥሽውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» የሚል ባል። ሠራተኞቹን በአንድ የዋትስአፕ ግሩፕ የሰበሰበ አሠሪ። ዘመድ ሁሉ በሚያይበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ፎቶሽስ?» ብሎ የሚጠይቅ አክስት። ይሉኝታችን ከባድ ነው፤ «አላሳይም» ማለት ለብዙዎቻችን ጠብ ነው። ስልክ ክልክል የሆነበት ጣቢያ ግን መልሱን ያዘጋጅልዎታል፦ «ቢሆንልኝማ ደስ ይለኝ ነበር፣ አይፈቅዱም እኮ!» ብለው ይገላገላሉ። መከለያው ውስጥ የሆነውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ስማርት ሰዓት፣ ኢርፎን፣ የመስሚያ መሣሪያስ?

ስማርት ሰዓት ይደውላል፣ መልእክት ይቀበላል፣ ስለዚህ እንደ ስልክ ይታያል። የቴክሳስ መመሪያ ስልክ፣ ካሜራ፣ ታብሌት፣ ላፕቶፕና መቅረጸ ድምፅ ይዘረዝርና «በገመድ አልባ የሚገናኝ ወይም ምስልና ድምፅ የሚቀዳ ማንኛውም መሣሪያ» ብሎ ይጨርሳል። ሰዓቱን ማውለቅ አይጠበቅብዎትም፤ አይነካኩት፣ ድምፁን ያጥፉት። ኢርፎንዎን ያውልቁ፤ ሙዚቃ ይሁን ሰው እያዳመጡ መሆንዎ አይታወቅም።

የመስሚያ መሣሪያ ሌላ ነው፤ ከጆሮዎ እንዲያወጡ የሚጠይቅዎት ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ስኳርዎን በስልክ የሚከታተሉ ከሆነ ሲገቡ አስቀድመው ለዳኛው ይንገሩት፤ ድንገት ቢጮህ ሁሉም ያውቃል። ዓይናቸው ለደከመ ደግሞ ከ2002ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ እያንዳንዱ ጣቢያ ፊደል የሚያጎላና በጆሮ ማዳመጫ የሚያነብ መሣሪያ ቢያንስ አንድ እንዲኖረው ይጠበቅበታል። የስልክዎን ማጉያ ከመጠቀም ይህን ይጠይቁ። አባቶች «ዓይነ ስውር አይደለሁም» እያሉ ይተዉታል፤ መነጽር ለረሳም ይሆናል።

እናንተ ታብሌት ስትጠቀሙ እኛ ለምን እንከለከላለን?

ሰልፍ ላይ የተሰላቸ ሰው የሚጠይቀው ነው፣ ተገቢም ነው። ስምዎን የምንፈልግበት መሣሪያ የመራጮች መዝገብ ነው፤ የምርጫ ሥራ መሣሪያዎች ከክልከላው ውጪ ናቸው። የግል ስልካችንን እኛም እንደ ልባችን አናወጣም።

ክልከላው «ስልክ ማሽኑን ይጠልፋል» ከሚል ፍርሃት የመጣ የሚመስላቸውም አሉ። ሜሪላንድ ከ2016 ጀምሮ የምትጠቀመው በእጅ የሚሞላ ወረቀት ነው፤ ስካነሩ ያነበዋል፣ ወረቀቱም ተቀምጦ እንደገና ሊቆጠር ይችላል። ስልክ የሚከለከለው ለምስጢር፣ ለጸጥታና ሌላው መራጭ እንዳይፈራ ነው።

መታወቂያዬ ወይም የመብራት ቢሌ ስልኬ ላይ ነው። ለማሳየት ላወጣው እችላለሁ?

አትመው ይምጡ። ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኛው መራጭ መታወቂያ አይጠየቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጡና በዚያው ቀን የሚመዘገቡ አንዳንድ ሰዎች ግን ይጠየቃሉ። የታተመ ወረቀት የትም ስቴት አያከራክርዎትም። አታሚ ከሌለዎት የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በሳንቲም ያትምልዎታል።

ልጄን ይዤ ነው የምመጣው፤ ታብሌት ካልሰጠኋት አትቀመጥም።

ልጅ ይዞ መምጣት ይቻላል፤ ክልከላው ግን ለታብሌቱም ነው። ቀለምና ወረቀት ይያዙላት።

ዩቱብ ቻናል አለኝ። ላይቭ ብገባስ?

መንገድ ላይ፣ ቅስቀሳ የማይፈቀድበትን ክልል ከሚያሳየው ምልክት ውጪ፣ ይቅረጹ፤ ፈቃደኛ የሆነ መራጭ ያነጋግሩ። ውስጥ ግን አይሆንም። ሜሪላንድ ለመገናኛ ብዙኃን የተለየ ሥርዓት አላት፤ አስቀድሞ ከካውንቲው የምርጫ ቦርድ ጋር መነጋገር ነው እንጂ ስልክ ዘርግቶ መግባት አይደለም። ላይቭ ላይ ከኋላዎ የሚታየው ሰው ጥገኝነት ጠያቂ የሆነ ልጁን ይዞ የመጣ አባት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከቀድሞ ባሏ አድራሻዋን የደበቀች ሴት። የሰፈሯ ጣቢያ ላይ ፊቷን ሺህ ሰው ፊት አወጡት ማለት ነው።

ስልኬ ድንገት ቢጮህስ? ተቆጥተውኝ ከወጣሁስ ድምፄ ቀረ?

ስልክ ስለጮኸ ማንም ድምፁን አያጣም። ያጥፉት፣ ይቅርታ ይበሉ፣ ይቀጥሉ። አስቸኳይ ጥሪ ከሆነ ሁለት ሁኔታ አለ። ገና ወረቀት ካልተቀበሉ፣ ወጥተው አነጋግረው ይመለሱ። ወረቀቱን ከተቀበሉ ግን ይዘውት መውጣት አይችሉም፣ ጠረጴዛ ላይ ትተውት መሄድም ጣጣ ያመጣል። ቅርብ ያለውን ዳኛ ይጥሩና ይንገሩት።

በቁጣ የተናገረዎት ሰው ካለ «ቺፍ ጀጅ» ብለው ዋናውን ዳኛ ይጠይቁ። እያንዳንዱ የሜሪላንድ ጣቢያ ዋና ዳኞች አሉት፤ ሕጉን አውቀው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ደጅ ከወጡም በኋላ ከፓርቲ ነጻ የሆነው የመራጮች እርዳታ ስልክ 866-687-8683 አለ። እዚያ ይደውሉ፤ ደጅ መደወል ይፈቀዳል።

የሜሪላንድ ጣቢያዎች የምርጫ ቀን ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 8 በአሜሪካ ሰዓት ክፍት ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 2 ማለት ነው፤ «8 ሰዓት ይዘጋል» ሲባል ከሰዓት በኋላ መስሏቸው የቀሩ ሰው ስላየሁ ነው የምጽፈው። ሲዘጋ ሰልፉ ላይ ከነበሩ የመጨረሻው ሰው እስኪያልቅ እንጠብቅዎታለን፤ ቦታዎን አይልቀቁ።